በሳምቡሳ ዘይት ለሽምግልና

መኪናችሁ ምን ትጠጣለች? የእኔዋ የምትጠጣው የሳምቡሳ ዘይት ነው። አዎ፣ ሳምቡሳ የተጠበሰበት ዘይት። አሁኑኑ ሳቁና ጨርሱ፤ ኋላ ነገሩ ወደ ትዳር ስለሚገባ ሳቅ እንዳይረብሸን።

የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ይህን ከሌላ ሰው ከምትሰሙት እኔው ብነግራችሁ ይሻላል። እዚህ ካምፓላ፣ በአንድ የግል ትምህርት ቤት፣ ፈሳሽ መቼ እንደሚረጋና የረጋውም መቼ እንደሚቀልጥ ሳስተምር አስራ ሁለት ዓመቴ ነው። ልጆቹ ፈተናውን ያልፋሉ። የወደቅኩት እኔ ነኝ።

ነገሩ የጀመረው በስልኬ ነው። አንድ እሁድ ከሰዓት ሶፋ ላይ ጋደም ብዬ ቪዲዮ ሳይ አንድ ጢማም ፈረንጅ መጥበሻ ይዞ ከወጥ ቤቱ ወጣ። መጥበሻው ላይ የቀረውን ዘይት በጨርቅ አጠለለና መኪናው ታንክ ውስጥ ገለበጠው። ከዚያ ሞተሩን አስነስቶ፣ እጁን አውለብልቦ ሄደ። በቃ። ሦስት ደቂቃ አይሞላም። እኔ ብድግ ብዬ ተቀመጥኩ። ባለቤቴ ጽጌ ምን ሆንክ አለችኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ስሞኝ ኖሬያለሁ አልኳት። ጽጌ እዚሁ ሰፈራችን፣ ሜንጎ፣ ምግብ ቤት አላት፤ ስለ ዘይት የምታውቀው ከእኔ ይበልጣል። ነገሩን ከሰማች በኋላ የምግብ ቤቷን ዘይት እንዳልነካ አስማለችኝና ወደ ሥራዋ ሄደች። ሌላ ሌላውን ለማስማል ጊዜ አልነበራትም።

እውነቱን ለመናገር ሐሳቡ እብደት አይደለም። የናፍጣ ሞተር እሳት የሚጭር ካንዴላ የለውም። አየሩን ጨምቆ ያግለዋል፣ ከዚያ ነዳጁን ይረጭበታል፣ ይቃጠላል። የምግብ ዘይትም ቀጥኖ ከደረሰው ይቃጠላል። ጣጣው ያለው ቀጥኖ የምትለዋ ቃል ላይ ነው። ዘይት የሚቀጥነው ሲሞቅ ነው። ጢማሙ ፈረንጅ ሞቅ አድርጎት ይሁን አይሁን አላየሁም። እኔ ያየሁት እጁን ሲያውለበልብ ብቻ ነው።

መኪናዬን ይዤ ወደ ሳሎንጎ ሄድኩ። ሳሎንጎ ከኪቡሊ ኮረብታ ግርጌ ጋራዥ ያለው መካኒክ ነው። እዚህ አገር መንታ የወለደ አባት ሳሎንጎ ይባላል፤ የገዛ ስሙን ማን እንደሚያውቀው እንጃ። ሰውዬው ከኋላ ሁለተኛ ታንክ አስቀመጠልኝ፣ ከመቀመጫዬ ሥር ደግሞ መቀየሪያ ቧንቧ ገጠመልኝ። ጠዋት በናፍጣ ትነሳለህ፣ ሞተሩ ሲሞቅ ወደ ዘይት ትቀይራለህ፣ ልታቆም ስትል ወደ ናፍጣ ትመልሳለህ። ይኸው ነው። ከዚያ ሳሎንጎ አንድ ነገር ጨመረ። ከራዲያተሩ የፈላ ውሃ በቀጭን ቱቦ ስበን ታንኩ ውስጥ እናዙረው፣ ዘይቱን ያሞቀዋል አለኝ።

"ሳሎንጎ፣ ካምፓላ እኮ ያለችው ምድር ወገብ ላይ ነው" አልኩት።

"ምዜ፣ ጠዋት ጠዋት እቤትህ ጀሪካን ውስጥ ያለው ዘይት አይረጋም?" አለኝ። ምዜ ማለት አባባ እንደ ማለት ነው፤ በአክብሮት ነው የጠየቀኝ።

የፊዚክስ አስተማሪ መሆኔን ነገርኩት። ሳሎንጎ ማሞቂያውን ተወው።

ዘይቱን የማገኘው ከሐጂ ኢድሪስ ነበር። ሐጂ የከረን ሰው ናቸው፤ ኪቡሊ፣ ከመስጊዱ ወረድ ብሎ፣ ሳምቡሳ ይጠብሳሉ። ያረጀ ዘይት የት ልድፋው እያሉ ሲጨነቁ እኔ ጀሪካን ይዤ ስደርስ አላህ የላከኝ መሰላቸው። ዘይቱን በአሮጌ ሸሚዜ አጠልለዋለሁ። ሸሚዙ ሲያልቅ በአንሶላ። አንሶላው ሲያልቅ ጽጌ አገኘችኝ። ያን እንለፈው።

መኪናዋ ግን ሄደች! ያን የመጀመሪያ ቀን እንዴት ልንገራችሁ? መስኮቱን ከፍቼ፣ ክንዴን አውጥቼ፣ ማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲን ሁለቴ ዞርኩ። ከኋላዬ አንድ ባለ ቦዳ፣ በሞተር ሳይክል ሰው የሚያመላልስ ማለት ነው፣ ሞተሩን እያስጓራ ተከተለኝ። መብራት ላይ ስቆም ተጠጋኝና ሳምቡሳው በስንት ነው አለኝ። አልሸጥም አልኩት። ታዲያ ለምን ትጠብሳለህ ብሎ ተቆጣኝ። ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ሮሌክስ የሚሠራው ሰውዬም አንድ ቀን እያማረረ መጣ። ሮሌክስ ሲባል ሰዓት እንዳይመስላችሁ፤ ቻፓቲ ውስጥ የተጠቀለለ እንቁላል ነው። አጠገቤ ስታቆም ደንበኞቼ እንቁላሉን ትተው የሥጋ ሽታ ፍለጋ አንገታቸውን ያዞራሉ፣ እባክህ ከፍ ብለህ አቁም አለኝ።

የባሰው በዐቢይ ጾም መጣ። የሐጂ ሳምቡሳ ሥጋ ያለው ነው። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ስደርስ ምእመናን ከቅዳሴ እየወጡ ነበር። ጭሱ በነጭ ነጠላ መሐል አለፈ። ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ እኔ አዞረ፤ ግማሹ ተቆጥቶ፣ ግማሹ ርቦት። መምህር ኃይሌ፣ ጡረታ የወጡ የቋንቋ አስተማሪና የሰፈራችን ትልቅ ሰው ናቸው፣ መስኮቴን በከዘራቸው መታ መታ አድርገው፣ "ወንድሜ፣ መኪናህ ጾም ገድፋለች" አሉኝ። እስከ ፋሲካ ድረስ ከታች፣ ከገበያው ጋ እያቆምኩ በእግሬ ወጣሁ።

አሁን ወደ ትዳሩ እንምጣ።

ጽጌ በሕይወት የሌለች እህት ነበረቻት። እህቷ ናሆም የሚባል አንድ ልጅ ትታለች። እኛው ነን ያሳደግነው። ናሆም ስልክ ይጠግናል፤ ዝምተኛ፣ ጨዋ ልጅ ነው። ይህ ዝምተኛ ልጅ ሰላም የምትባል ልጅ ወደደ፤ እሷም ወደደችው። የሰላም አባት ተስፋልደት ይባላል። የጭነት መኪኖች አሉት፤ ድፍን ከተማው በናፍጣ መካኒክነቱ ያውቀዋል። ኤርትራዊ ነው፤ ቁጡ ነው፤ አንድ ልጅ ብቻ ነው ያለው፣ ሰላም።

ሽማግሌ ሆነን ሁለት ጊዜ ሄድን። እኔ፣ መምህር ኃይሌና ሐጂ ኢድሪስ። ሐጂን የጨመርናቸው ከተስፋልደት ጋር ከረን አብረው ስላደጉ ነው። መጀመሪያ ስንሄድ ተስፋልደት እናስብበት አለን። ይህ ደንብ ነው፣ አልከፋንም። ሁለተኛ ስንሄድ ግን፣ "ስልክ መጠገን ምን ሥራ ነው? ወንድ ልጅ እጁ ካልቆሸሸ በምን ልመነው?" አለ። ያ ደንብ አይደለም። በዚያው ሳምንት ደግሞ ሰላም በወሩ መጨረሻ ናይሮቢ አክስቷ ጋ ልትላክ መሆኑን ሰማን። እስክትረሳው መሆኑ ነው። ናሆም ምግብ መብላት አቆመ። ጽጌ አደራ የበላች መስሏት ሌላ ወሬ አልነበራትም።

እንግዲህ የቀረን ሦስተኛው ጊዜ ነበር። የመጨረሻው።

ቅዳሜ ጠዋት ነው። ሌሊቱን ሙሉ ዘንቦ አሁንም ያካፋል። ጽጌ ክራቫቴን እያስተካከለች፣ "እባክህ ዛሬ ታክሲ ያዙ" አለችኝ። እምቢ አልኳት። ሦስት የተከበሩ ሽማግሌዎች መኪና እያላቸው በታክሲ ይሄዳሉ? ወጥቼ የዘይቱን ታንክ ስከፍት ከላይ ነጭ ነገር ረግቶበታል። ቅቤ ይመስላል። ምን ያደረግኩ ይመስላችኋል? በእንጨት አማሰልኩት። የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ ብያችኋለሁ።

በናፍጣ አስነስቼ መምህርን ከሜንጎ፣ ሐጂን ከኪቡሊ ጫንኩ። መምህር ነጭ በነጭ ለብሰው ከፊት ተቀመጡ። ሐጂ ከኋላ፣ ጋቢናው የራሳቸውን ሱቅ ስለሚሸት ደስ ብሏቸው። መኪናዋ በናፍጣ እንደ ሰው መኪና እየሄደች ነበር። የተስፋልደት ቤት ከማኬሬሬ ኮረብታ ጀርባ፣ ቀጥ ያለ ዳገት ላይ ነው። ዳገቱ ሥር ስንደርስ መምህር፣ "ታዲያ ዛሬ በናፍጣ ነው የምንሄደው?" አሉኝ። በቅን ልቦና የጠየቁ ይመስለኛል። እኔ ግን ያፌዙብኝ መሰለኝ።

"በዘይት ዳገት ስትወጣ ይዩዋታል!" አልኩና ከመቀመጫዬ ሥር ያለውን ቧንቧ ጠመዘዝኩ።

ግማሹን በኩራት ወጣን። ከዚያ አንዴ ሳለች። ሁለቴ ሳለች። የተስፋልደት በር ሠላሳ እርምጃ ያህል ሲቀረን ጸጥ አለች። ዝናቡ ጣራው ላይ ሲንጠባጠብ ይሰማኛል። ቧንቧውን ወደ ናፍጣ መለስኩ፤ አልሆነም፤ የረጋው ዘይት ሁለቱም የሚያልፉበትን ማጣሪያ፣ ፊልትሮውን፣ ደፍኖታል። ጭራሽ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመርን። ሐጂ "ያ ረቢ!" ብለው ዘለው ወርደው ከጎማው ሥር ድንጋይ ከተቱ። መምህርም ሊያግዙ ወረዱና ነጩ ልብሳቸው እስከ ጉልበታቸው ቀይ ጭቃ ሆነ። ከዚያ ሁለቱም ቀና ብለው ወደ እኔ አዩ። በሕይወቴ ብዙ ተማሪ እንደዚያ አይቼ አውቃለሁ። እኔን ግን እንደዚያ ያየኝ ሰው አልነበረም።

ናሆም ትዝ አለኝ። ጽጌ ትዝ አለችኝ። ታክሲ ያዙ ያለችው። መሪውን እንደያዝኩ ቀረሁ።

በሩ ተከፈተ። ተስፋልደት ጃንጥላ ይዞ፣ ሱፉን ለብሶ ወጣ። የጭነት መኪና ሰው ነውና ሞተሩ ሲጠፋ ከሳሎኑ ሆኖ ሰምቶታል። ወደ እኛ ወረደ። ሰላምታ እንኳ አልሰጠንም። አየሩን አሸተተ።

"ምንድን ነው የሚሸተው?"

"ሳምቡሳ" አሉ ሐጂ።

"ሳምቡሳ ይዛችሁ መጣችሁ?"

"አይ፣ በሳምቡሳ መጣን።"

ያኔ ተስፋልደትን አንቱ ነበር የምለው። እንደ ተማሪ ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ጢማሙን ፈረንጅ፣ ሁለተኛውን ታንክ፣ ቧንቧውን። ሲሰማኝ ቆየና፣ "ምን ዓይነት ዘይት ነው? የዘምባባ?" አለኝ። አዎ አልኩ። "አታሞቀውም?" አላሞቀውም አልኩ። "ለምን?" አለኝ።

ለምን? ምድር ወገብ ላይ ስለሆንን ልበል?

ጃንጥላውን ለመምህር ሰጣቸው። ሱፉን አውልቆ ለሐጂ ሰጣቸው። እጅጌውን ሰብስቦ ኮፈኑን ከፈተና ጭንቅላቱን ከተተ። "አንታ ኢድሪስ፣ ይህን ና እይ! ሻማ እኮ ነው የሠራው ሰውዬው!" ብሎ ሳቀ። ከልቡ ሳቀ። ወደ ቤቱ ዞሮም፣ "ሰላም! የፈላ ውሃ አምጪ!" ብሎ ጮኸ።

ልንጠይቃት የመጣናት ልጅ ነጠላዋን ደርባ፣ ማንቆርቆሪያ ይዛ በዝናብ መጣች። አባቷ ፊልትሮው ላይ ያፈሰዋል፣ ተጨማሪ ይላታል፣ ትመለሳለች። ለሦስተኛ ጊዜ ስትመጣ አጠገቤ ቆም አለች።

"ጋሼ፣ ውሃውን ቀስ ብዬ ነው የማፈላው" አለችኝ በለሆሳስ። "አባዬ እንዲህ ሲስቅ ካየሁት ቆይቻለሁ። ዛሬ ካልሆነ ሰኞ የናይሮቢ አውቶቡስ ላይ ነኝ።"

ሄድኩና ለሐጂ በጆሯቸው ነገርኳቸው። ሐጂ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከመኪናዬ የመሣሪያ ሳጥን ባለ አስራ ሰባት ቁጥሩን የብሎን ቁልፍ አንስተው በእጃቸው ያዙ።

ተስፋልደት በግራ እጁ ፊልትሮውን ደግፎ፣ በቀኝ አውራ ጣቱ የሚያፈሰውን ቀዳዳ ደፍኗል። ጣቱን ቢያነሳ ናፍጣው ሸሚዙ ላይ ነው። "አስራ ሰባት ቁልፍ!" አለ ሳይዞር። ሐጂ አልሰጡትም።

"ቁልፍ፣ ኢድሪስ!"

"ቁልፉን ልስጥህ" አሉ ሐጂ በተረጋጋ ድምፅ። "አንተም ልጅህን ለልጃችን ስጠን። ጨዋ ልጅ ነው። እጁ አይቆሽሽም ብለሃል፤ ይኸው የአሳዳጊው እጅ የሁለቱንም ድርሻ ቆሽሾልሃል።"

እጄን አየሁ። ተስፋልደት ፊልትሮውን ሲፈታ ሳግዘው እስከ ክርኔ ዘይት ሆኗል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለአንድ ነገር ጠቀመ።

"አሁን የቀልድ ጊዜ ነው? እየፈሰሰብኝ ነው!"

"ሦስተኛ ጊዜያችን ነው ተስፋልደት" አሉ መምህር፣ ጃንጥላውን ከላዩ ላይ ትንሽ ፈቀቅ እያደረጉ።

"እሺ! እሺ፣ አምጣው!"

በዚያች ቅጽበት ከበረንዳው እልልታ ቀለጠ። የተስፋልደት ባለቤት ወይዘሮ ለተብርሃን ናቸው። ለካ ከጅምሩ ቆመው ሲሰሙ ኖረዋል። ጎረቤት መስኮት ተከፈተ፤ ከታች ያሉት ኡጋንዳውያንም ምን እንደሆነ ሳያውቁ እልል አሉ። ሐጂ ቁልፉን ሰጡት።

ተስፋልደት ብሎኑን አጥብቆ ጨረሰ። ከዚያ ቀና አለ። "እሺ ያልኩት ለቁልፉ ነው" አለ።

"እልል ተብሏል" አሉ መምህር።

"እኔ የምልህ ተስፋልደት" አሉ ወይዘሮ ለተብርሃን ከበረንዳው፣ "ናይሮቢ ልትልካት አይደለም እንዴ? ሜንጎ ብታገባ አይሻልህም? ምሳ ትበላለህ እኮ እቤቷ።"

ሰውዬው መልስ ሊሰጥ አፉን ከፈተና ሰላምን አየ። ባዶውን ማንቆርቆሪያ በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ይዛ ቆማለች። ዓይኑን ሊጠርግ ፈለገ፤ እጁ ዘይት ነው። መሐረቤን አውጥቼ ሰጠሁት። ጠረገና፣ "ይሄም ሳምቡሳ ይሸታል" አለ። ግቡ ያለን በዚህ ነው።

ገባን። ጭቃችንን ይዘን፣ ምንጣፉ ላይ። ወይዘሮ ለተብርሃን መምህርን እግራቸውን አስታጠቧቸው። የሠርጉ ቀን እዚያው ተቆረጠ። እኔ ለጽጌ ስደውል ድምፄ ስለተቆራረጠ ያልሆነ መስሏት ማልቀስ ጀመረች፤ ሆነ፣ ሆነ ብዬ እስክጮህ ድረስ።

ሰኞ ተስፋልደት እራሱ ሳሎንጎ ጋራዥ መጣ። ሁለቱ የራዲያተሩን ቱቦ ታንኩ ውስጥ ሲያዞሩ እኔ ቆሜ ቁልፍ አቀብላለሁ። ሳሎንጎ አንድም ጊዜ ብዬህ ነበር አላለኝም። ከዚያ የባሰ ቅጣት አላውቅም። ከዚያን ቀን ወዲህ መኪናዋ ዘይቱን እያሞቀች፣ ዝናብ ብትሉ ብርድ፣ ማንኛውንም ዳገት ትወጣለች። ናሆምና ሰላም ተጋቡ። ሰላም ነፍሰ ጡር ናት። ተስፋልደት ቅዳሜ ቅዳሜ እነሱ ጋ ምሳ ይበላል፤ እሺ ያልኩት ለቁልፉ ነው ማለቱንም እስከ ዛሬ አልተወም።

እኔም ይህን ታሪክ በየሄድኩበት ማውራት ጀመርኩ። መጨረሻው ላይ ምክር አለው፤ የሚያውቅን ሰው ስሙ፣ ዘይት ከማቃጠላችሁ በፊት አሙቁት፣ አትታበዩ። የሰማኝ ሰው ሁሉ ራሱን ይነቀንቃል። ምክሩ የገባው መስሎኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት አንድ የማላውቀው ልጅ ትምህርት ቤት ድረስ መጣ። ፀጉሩን ተስተካክሎ፣ ሸሚዙን ተኩሶ። የሚወዳት ልጅ አባት ሁለቴ እምቢ ብለውታል፤ የዳገቱን ታሪክዎን ሰምቻለሁ፣ እባክዎ ሽማግሌ ይሁኑኝ አለኝ። ልቤ ሞቀ። በጥሞና አዳመጥኩት። ስለ ልጅቷ ጠየቅኩት፣ ስለ ሥራው ጠየቅኩት፣ እሺ እሄዳለሁ አልኩት።

"መኪናዎንም ይዘው ነው የሚሄዱት?" አለኝ።

"አዎ" አልኩት።

"ዳገት ነው ቤታቸው።"

"አታስብ ልጄ" አልኩት በኩራት። "ማሞቂያ አስገጥሜላታለሁ። አሁን የትም አትቆምም።"

ፊቱ ጠቆረ። አመሰገነኝና ሌላ ሽማግሌ ፍለጋ ሄደ።